ስኳር ሲያልቅ የቀመስነው፦ የቆቦ ሻይ ታሪክ

ቆቦ ውስጥ ሻይ ቤት ገብታችሁ «ሻይ» ስትሉ «የትኛውን?» የሚላችሁ የለም። ቢበዛ «ቀጠን ይበል ወይስ ጠቆር?» ትባላላችሁ። ቡና ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። የሐረር ነው ወይስ የጅማ፣ አቆላሉ በዝቷል ወይስ አንሷል፣ ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። ሻይ ግን ያው ሻይ ነው፤ ቀይ ውሃ፣ ብዙ ስኳር፣ ጣት የሚያቃጥል ብርጭቆ። አንዱ ሻይ ከሌላው እንደሚለይ፣ ልዩነቱም ከኋላው ረጅም ታሪክ እንዳለው እኔ የገባኝ በክፉ ጊዜ ነው። እሱን ስንደርስበት አወራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ይህ ቅጠል እዚህ ቆላ ድረስ እንዴት መጣ?

ከስሙ እንጀምር። ዓለም ለዚህ ቅጠል ያወጣለት ስም በጥቅሉ ሁለት ነው፤ ወይ ከ«ቻ» የመጣ ነው ወይ ከ«ቴ»። ሁለቱም ቻይንኛ ናቸው። «ቴ» የፉጂያን ጠረፍ ሰዎች አጠራር ነው። የደች ነጋዴዎች በመርከብ ይዘውት ሄደው ምዕራብ አውሮፓን አዳረሱት፤ እንግሊዙ «ቲ»፣ ፈረንሳዩና ጣሊያኑ «ቴ» የሚሉት ከዚያ ነው። «ቻ» ደግሞ በየብስ ተጉዞ ፋርስ ላይ «ቻይ» ሆነ። ዓረብኛ «ቸ» የሚል ድምፅ ስለሌለው «ሻይ» አለው። የኛ ሻይ ይኸው የዓረቦቹ ነው፤ ትግርኛም «ሻሂ» ይላል። እንግዲህ ጣሊያን አስለምዶን ቢሆን ኖሮ ዛሬ «ቴ በዳቦ» እንል ነበር ማለት ነው። ሻይ ቤት ገብታችሁ ቦምቦሊኖ በሻይ ስታዝዙ፣ ቦምቦሊኖው በጣሊያን በኩል፣ ሻዩ በቀይ ባሕር በኩል መጥተው እናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው የተገናኙት።

ሁለተኛው ፍንጭ ግሡ ነው። ሻይ *እናፈላለን*። እንግሊዝ ውሃውን ያፈላና ቅጠሉን ይዘፈዝፈዋል። ጃፓኖች አረንጓዴ ሻያቸውን ሲያዘጋጁ ብዙ ጊዜ ውሃው ትንሽ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። እኛ ዘንድ ቅጠሉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከውሃው ጋር ይንተከተካል፣ ደንበኛ ሲመጣ እንደገና ይሞቃል፣ ሲያንስ ውሃ ይጨመርበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን የወሰድነው ከቡና ነው። ቡና የሚፈላ ነገር ስለሆነ፣ አዲሱ መጠጥም ሲመጣ ያው ፈላ። ሥርዓቱን ግን አልወረሰም። ሻይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለውም። ቄጤማ አይጎዘጎዝለትም፣ ዕጣን አይጨስለትም፣ ጎረቤት ተጠርቶ አይመረቅበትም። ቡና የቤት ነው፣ ሻይ የውጭ። «ቡና ጠጡ» የምትለው እናት ናት፤ «ሻይ ልጋብዝህ» የሚለው መንገድ ላይ ያገኛችሁት ጓደኛ ነው። ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው «ለሻይ» የምትሉትንም ታውቃላችሁ፤ ለቡና አይባልም።

ራያ አካባቢ በብዛት ሻይ ያለፈበት የመጀመሪያ ጊዜ መቼ ነው ብትሉኝ እኔ 1860 ላይ እወራረዳለሁ። በዚያ ዓመት የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ ተነስቶ፣ በሰናፌና በአንጣሎ አልፎ፣ በመጋቢት ወር አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሰፍሮ ወደ መቅደላ ቀጠለ። 13 ሺህ ገደማ ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ተከታይ፣ 44 ዝሆን። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወታደር ስንቅ ውስጥ ደግሞ ሻይና ስኳር ነበረበት። ከአሸንጌ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ሄዶ ገደሉ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው የራያን ሜዳ ከእግሩ ሥር ያየዋል። እነሱ ግን ወደ ቆላው አልወረዱም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ፣ ጦሩም በመጣበት ተመለሰ። ሻዩ በደጋው ጫፍ አልፎ ሄደ ማለት ነው። ሠራዊት መጠጥ አያስለምድም፤ የሚያስለምደው የሚመላለስ ነጋዴ ነው።

ያኔ የራያ ቆላ ሰው ትኩስ መጠጡ ቡና ነበር፣ እሱም ቢሆን ለሁሉም አይደለም። እንደምታውቁት በደጋው አገር ክርስቲያኑ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ የሚሸሽበት ዘመን ረጅም ነበር፤ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚገኙበት ወሎ ይህን አጥር ከሌላው አገር በፊት ሳያፈርሰው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሻይ ግን ሲመጣ ይህ ጣጣ አልገጠመውም። ማንም ሃይማኖት አልሰጠውም። በጾም ወተት ሳይገባበት ይጠጣል፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ከተምርና ከሳምቡሳ ጋር ይቀርባል። ለእንደ ቆቦ ያለ ከተማ፣ ከዞብል ማዶ የሚመጣው አፋር፣ ከላስታ ደጋ የሚወርደው ገበሬ፣ የከተማው ነጋዴ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ለሚቀመጡበት ገበያ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምን ታዘዘ ተብሎ ማን እንደሆንክ አይታወቅም።

ከዚያ መንገዱ መጣ። በመጋቢት 1928 ማይጨው ላይ የሆነውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ጣሊያኖቹ ወዲያው የያዙት ሥራ አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን ጎዳና መዘርጋት ነበር፦ መቀሌ፣ ማይጨው፣ ኮረም፣ አላማጣ፣ ቆቦ፣ ወልዲያ፣ ደሴ። ለመድፍና ለወታደር ነው የሠሩት፤ እነሱ በ1933 ሲሄዱ ጎዳናው ቀረ። በቅሎና ግመል ይመላለስበት በነበረው አገር የጭነት መኪና መጣ፤ ከመኪናው ጋር ሹፌር፣ ከሹፌሩ ጋር ሌሊት መንቃት፣ ከመንቃቱ ጋር ሻይ። የድሮ ሹፌሮች ስለ ኤንትሬ መኪና ሲያወሩ ሰምታችሁ ከሆነ፣ በየወሬው መሐል የሆነ ሻይ ቤት አለ፤ የሆነች ሴት፣ የሆነ ማንቆርቆሪያ፣ ከግራካሱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በኋላ የተገኘ ዕረፍት። ቡና ለሹፌር አይመችም። እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ ጀበና እስኪጣድ መኪናው ይሄዳል። ሻይ ግን ፈልቶ ይጠብቃል። የሻይን ጠላት ሁሉ ያሸነፈው ይህ ይመስለኛል፤ ጣዕሙ ሳይሆን ዝግጁነቱ።

ይኸው ጎዳና በ1965 እና በ1966 የተራበው ሕዝብ ወጥቶ የተሰለፈበት፣ በ1977 ደግሞ ከኮረም የወጣው ፊልም ዓለምን ሲያስለቅስ የእርዳታ እህል የተጫነባቸው መኪናዎች ያለፉበት ነው። እዚያ ላይ አልቆይም፤ ስለዚያ ብዙ ተጽፏል።

የምቆየው ስኳር ላይ ነው። ሻይ ያለ ስኳር ቆቦን አይይዛትም ነበር። ለአያቶቻችን ጣፋጭ ማለት ማር ነው፤ ማር ደግሞ ለጠጅና ለብርዝ ነው የሚሄደው። ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ በጥቂቱ የሚገዛ ቅንጦት ነበር። ነገሩን የለወጠው 1946 ነው። አዋሽ ዳር ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ የተከለው ኤች ቪ ኤ የሚባል የደች ኩባንያ ነው። (አዎ፣ «ቴ» የሚለውን ስም ለአውሮፓ ያመጡት ደቾች ለኛ ስኳሩን አመጡልን።) ሸዋ በ1950ዎቹ፣ መተሐራ ከእሱ በኋላ ተከተሉ። ስኳር በኩንታል በጭነት መኪና ወደ ሰሜን መውጣት ሲጀምር ሻይ ከሹፌሮች መጠጥነት አልፎ የገበሬው የገበያ ቀን መጠጥ ሆነ። ከገጠር በግ ነድቶ የመጣ ሰው ሸጦ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ሻይ በዳቦ ማዘዝ ነው። የሚገዛው ግን ሻዩን አይደለም። ትኩስ ስኳር ነው የሚገዛው።

አክስቴ ቤት ለእንግዳ ሻይ ሲቀርብ ስኳሩ አስቀድሞ ይገባል። «ስንት ማንኪያ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ንፉግነት ይታያል። ሦስት ማንኪያ መነሻ ነው፤ አራተኛው ለፍቅር። ያቺን በምታህል ብርጭቆ ውስጥ ይህን ያህል ስኳር ከገባ በኋላ ቅጠሉ ከጎሬ ይምጣ ከቦንጋ፣ ከኬንያ ይምጣ ከሲሎን ማን ያውቃል? በደርግ ጊዜ ስኳር በቀበሌ በኩፖን ሲታደል የሰው ጭንቅ ሻይ ቅጠል አልነበረም፤ ቅጠሉ ሁልጊዜ ይገኛል። የሚሰለፉት ለስኳር ነው። ከዚያም ወዲህ፣ በየሸማቾች ማኅበሩ በር ላይ፣ ሰልፉ ቀጥሏል።

ቅጠሉ ራሱ ከየት እንደሚመጣ አንድ ነገር ልበል፤ አስቂኝ ነገር አለበትና። የኢትዮጵያ ሻይ የሚበቅለው በዋናነት ሁለት ቦታ ነው፦ ኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ጉመሮ ላይ፣ ከፋ ቦንጋ አጠገብ ውሽውሽ ላይ። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ነበሩ፣ በ1990ዎቹ ወደ ግል ዞሩ። ካርታውን ስታዩ ሁለቱም ቡና ዱር በቀል ሆኖ የሚገኝባቸው ደኖች ጎረቤት ናቸው። ሻይ የሰፈረው ቡና የተወለደበት ጓሮ ውስጥ ነው። በሲሎን የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ሲሎን የቡና አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1867 ጄምስ ቴይለር የሚባል ስኮትላንዳዊ አንድ ማሳ ሻይ ተከለ፤ በ1869 የቡና ዋግ ታየና በጥቂት ዓመታት ውስጥ የደሴቲቱን ቡና ፈጀው። ገበሬዎቹ ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። የሲሎን ሻይ ዛሬ በዓለም የታወቀው ከከፋ ደን የወጣ ተክል እዚያ ስለሞተ ነው ብትሉ ብዙ አልተሳሳታችሁም።

*

አሁን ወደ ክፉው ጊዜ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ መንገዱ በወልዲያ በኩልም በአላማጣ በኩልም ለንግድ ቆመ። ጳጉሜ ላይ ከተማዋ ብዙ ሰው ቀበረች። ከዚያ ጎን ሻይ ማንሳት ያሳፍራል፤ ግን ሰው በሐዘንም ቤት አንድ ትኩስ ነገር ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ እና የማወራው ስለዚያ ትኩስ ነገር ነው።

መጀመሪያ ያለቀው ስኳር ነው። ከእሱ ቀጥሎ ቡና፣ ምክንያቱም ቡናም በመንገድ የሚመጣ ነው። አክስቴ ጓዳ ውስጥ አንድ ትልቅ ፓኬት ሻይ ቅጠል ነበራት፤ ለሱቅ መልሳ ልትሸጠው ያስቀመጠችው። ለቀስተኛ ሲመጣ እሱን ታፈላለች። የመጀመሪያው ቀን ስኳር እንደሌለ ተናግራ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀች፤ በየብርጭቆው ላይ አንገቷን ደፋች። አንድ ሽማግሌ «አብሽሪ፣ ትኩስ ከሆነ ይበቃል» አሏት። ጠጣን። መራራ ነበር፣ ምላስ እንዳልበሰለ ሙዝ ይይዛል። ማንም አልወደደውም።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። አክስቴ ቅጠሉን ለመቆጠብ ብላ ማንተክተኩን ተወችው፤ ውሃው ሲፈላ ከከሰሉ ላይ አውርዳ ቆንጠር አድርጋ ትጨምርና ትከድነዋለች። ከሰልም ውድ ነበር። ሻዩ ቀላ፣ ምሬቱ ቀነሰ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ እንደ ደረቀ ሣር፣ እንደ አዲስ እንጨት፣ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ትንሽ የሚጣፍጥ ነገር። ዕድሜዬን ሙሉ ሻይ ጠጥቼ ሻይ የቀመስኩት ያን ጊዜ ነው። ለማን ይነገራል? እንዲህ ዓይነት ነገር በዚያ ወር የሚወራ አይደለም። ዝም ብዬ ጠጣሁ።

ቅጠሉም ሲሳሳ ሰዉ ሌላ ሌላውን ማፍላት ጀመረ። ከደጋ የሚወርዱ ሴቶች ጦስኝ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ከግቢ ጠጅ ሳር ተቆረጠ፤ የቡና ገለባ የነበረው እሱንም ቀቀለ። አንዳንዱ ይህን ሲያደርግ ተዋረድኩ ብሎ ያፍር ነበር። እኔ ግን ሐረር ሰው የቡናን ቅጠል «ቁቲ»፣ ገለባውን «ሀሸር» ብሎ አክብሮ እንደሚጠጣ፣ ከፋዎች የቡና ቅጠልን ከቅመም ጋር አፍልተው «ጨሞ» እንደሚሉት አስታወስኩ። አንዱ ጋ የችግር መጠጥ የሆነው ሌላው ጋ የማዕረግ ነው። ሻይ የሚለው ቃል ራሱ በጊዜው ሰፍቶ ነበር። ትኩስና ቀለም ያለው ሁሉ ሻይ ሆነ።

መንገዱ በታኅሣሥ 2014 ሲከፈት መጀመሪያ ከገቡት ዕቃዎች መካከል ስኳር ነበረበት። ዋጋው አይወራም። ቢሆንም ተገዛ፤ አክስቴ አራተኛውን ማንኪያ መለሰችው። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ተመልሶ መጣ፣ ስኳሩም ተመልሶ ጠፋ።

*

ሰላም ከወረደ በኋላ አንድ ጊዜ ነገሩን በወጉ ልሞክረው አልኩ። አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ አራት ዓይነት ሻይ ይዤ መጣሁ፦ የውሽውሽ ቅጠል፣ በከረጢት የታሸገ የኬንያ ሻይ፣ ጥቅልል ቅጠሉ ያልተፈጨ የሲሎን ሻይ፣ እና በፋርማሲ «ክብደት ይቀንሳል» ተብሎ የሚሸጥ አረንጓዴ ሻይ። አምስተኛ የቆቦ ገበያ ጦስኝ ጨመርኩ። ዳኞቹ አክስቴ፣ ደጃችን ያለችው የሻይ ቤት ባለቤት፣ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ጎረቤታችን፣ እና እኔ።

ሻይ ለማወዳደር ዓለም አቀፍ ደንብ እንዳለ ታውቃላችሁ? አለ። ቁጥሩ 3103 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ ስድስት ደቂቃ ተከድኖ ይቆይ ይላል። ደንቡ ሻይ እንዲጣፍጥ አይደለም የተጻፈው፤ ሁሉም ሻይ እኩል እንዲበደል ነው። የእንግሊዝ የደረጃዎች ተቋም ለራሱ ስድስት ገጽ የሻይ አፈላል መመሪያ በ1999 የቀልድ ኖቤል ሸልመውታል። እኔ ግን አከበርኩት። 2 ግራም የሚመዝን ሚዛን ቆቦ ውስጥ ያለው ወርቅ ሠሪ ጋ ነው፤ ሰውየው ሻይ ቅጠል ሲመዝን ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ለራሴ ላስቀረው።

ውሃው ግን የራሱ ሐሳብ አለው። የቆቦ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፤ የአክስቴን ማንቆርቆሪያ ከውስጥ ብታዩት ነጭ ቅርፊት ለብሷል። እንዲህ ያለ ማዕድን የበዛበት ውሃ የሻይን ቀለም ያደበዝዛል፣ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ቀጭን ቆዳ ያበጃል። ደግሞ ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ 100 አይደርስም። ላስታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለምን እናንተከትካለን የሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ለብ ባለ ፍላት፣ በከባድ ውሃ፣ ቅጠሉ ቶሎ አይሰጥም።

የውሽውሹ ጥቁር፣ ደቃቅ፣ እንደ ባሩድ ፍንጣሪ ነው። ቅጠሉ ተጨፍልቆ፣ ተቀዶ፣ ተጠቅልሎ ነው የሚሠራው፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሳም ውስጥ የተፈለሰፈ ማሽን ነው ይህን የሚያደርገው። ቶሎ ቀለም ይሰጣል፣ ጠንካራ ነው፣ ለስኳርና ለወተት የተፈጠረ ነው። ስድስት ደቂቃ ሲቆይ ክፉኛ መረረ። ሦስት ደቂቃ ላይ ግን ያ በጦርነቱ ጊዜ የቀመስኩት ነገር ተመልሶ መጣ። ሹፌሩ ጎረቤታችን አንዴ ጠጥቶ «ይህ የመንገድ ሻይ ነው» አለ፣ ማን እንደሆነ ሳይነገረው። የኬንያው ከረጢት ከእሱ ጋር ወንድማማች ነው፣ ቀላቱ ግን የበለጠ የደመቀ፣ መዓዛው ያነሰ። ኬንያ ውስጥ ሻይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1903 ሊሙሩ ላይ ነው፤ ዛሬ ጥቁር ሻይ ለዓለም ከሚሸጡ አገሮች ፊት ላይ ናት። እኛ ጋ ቢኖር የሚጠጣው ቡና ነበር፤ እነሱ ጋ ቡናውንም ሻዩንም ይሸጣሉ። ይህን ስል አክስቴ «እና ምን ይጠበስ?» አለችኝ።

አረንጓዴውን ማንም አልጨረሰውም። አረንጓዴና ጥቁር ሻይ ከአንድ ተክል እንደሚመጡ፣ ልዩነቱ ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ አየር እንዲመታው መተው ወይም ወዲያው በሙቀት ማስቆም እንደሆነ አስረዳሁ። «ታዲያ ለምን ሳይጨርሱት ሸጡት?» አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት። መልስ አላገኘሁላትም።

ጦስኙ በሚዛን አልተዳኘም። ሻይ አይደለም፣ የሻይ ተክልም ዘመድ አይደለም፤ ደጋ ላይ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል የራሳችን ትንሽ ቁጥቋጦ ነው። ግን ብርጭቆው ሲቀርብ ሁሉም ዝም ብሎ ሁለት ጊዜ ጠጣ። በቅመም ሻያችን ላይ የማስበውን ያስታወሰኝ ይህ ነው። ቀረፋውና ቅርንፉዱ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ይመጣሉ፤ ኮረሪማው ብቻ ነው የከፋ ልጅ። ቅመም የምንጨምረው ለማጣፈጥ ነው እንላለን። እኔ ግን ደካማ ቅጠልንና ከባድ ውሃን ለመሸፈን ነው ብዬ አስባለሁ፤ ጦስኝ ምንም መሸፈኛ አላስፈለገውም። አምስት ክረምት ቆጥሮ የማይሞላ ከተሜ «የገጠር ነገር» ብሎ ሲንቀው ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው።

የሲሎኑ የቀረ ነበር። ቅጠሉ ረጅም፣ ጠመዝማዛ፣ ውሃ ሲነካው እንደ እጅ ይከፈታል። ቀለሙ የወርቅ፣ ሽታው አበባ አበባ ይላል፣ ምላስ ላይ ቀላል። ከአምስቱ በጣም የተሻለው እሱ እንደሆነ እኔ አልተጠራጠርኩም። ሹፌሩም ተስማማ። አክስቴ «ጥሩ ነው፣ ግን ቀጭን» አለች። የሻይ ቤቷ ባለቤት ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ፉት አለችና ትንሽ አሰበች።

«ያምራል» አለች። «ሽታው ያምራል፣ ሰው ግን አይገዛኝም። በሁለት ብር ይሄ አይገኝም።» ከዚያ ስኳሩን ሳበችና ሦስት ማንኪያ ጨመረችበት።